የቦንጎ ቅርጫ

ልጅ ማሳደግ ከባድ ነው የሚሏችሁን ሰዎች አትመኗቸው። ልጅ ማሳደግ ቀላል ነው። ከባዱ ልጁ ተሰጥኦ ያለው እንደሆነ ነው! ተሰጥኦ የሌለው ልጅ በረከት ነው፤ የሰጡትን ይበላል፣ ይማራል፣ ይተኛል፣ አለቀ። ተሰጥኦ ያለው ግን... "ይገዛልኝ" ይላል። በገዛ ኪሱ የሚተዳደር ተሰጥኦ እስከ ዛሬ አላየሁም። ወደ ቤታችሁ ሲመጣ ካያችሁት ቶሎ በራችሁን ዝጉ።

እኔ ሳልዘጋ ቀረሁና ገባ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ፍሬ እጇ የደረሰበትን ሁሉ ትደበድባለች። ጠረጴዛ፣ ጀሪካን፣ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ጋደም ስል ደግሞ ሆዴን! እናቷ "ኧረ ይቺን ልጅ ምን ነካት?" ስትል "ተያት፣ ይለቃታል" እል ነበር። አለቀቃትም። ጭራሽ የትምህርት ቤቷ የሙዚቃ ክበብ ለወላጆች በዓል አንድ ቦንጎ ተጫዋች ይፈልጋል ተባለ። ትምህርት ቤቱ ቦንጎ የለውም፤ ስለዚህ ቦንጎ ያለው ልጅ ቅዳሜ ይዞ ይምጣ። ቦንጎ ያለው ልጅ! እንጅባራ ውስጥ! አውሮፕላን ያለው ልጅ ይዞ ይምጣ ቢሉስ ምን ይለያል?

"አባዬ፣ እኔ ካላመጣሁ ሌላ ልጅ ይገባል እኮ" አለችኝ።

"ደግሞ ማን ቦንጎ አለው?"

"ሂክማ። አባቷ ሊገዛላት ነው።"

ሂክማ የክፍል ጓደኛዋ ናት። አባቷ ከድር ደግሞ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ጎረቤቴ ነው። የፍሬ ከንፈር መንቀጥቀጥ ሲጀምር ስልኬን አወጣሁና "ለተማሪ የሚሆን ርካሽ ቦንጎ" ብዬ ፈለግሁ።

ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ካንገላታኝ በኋላ ምክሩ ዘነበልኝ። ለካ ቦንጎ ሁለት ከበሮ ነው፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ መሃላቸው በእንጨት የተያያዘ፣ ጉልበት መሃል ተይዞ በጣት የሚመታ። እንጨቱ ያልተሰነጠቀ፣ ቆዳው እኩል የተወጠረ፣ ብሎኑ ያልዛገ መሆኑን እዩ ይላል። ለጀማሪ ውዱ አያስፈልግም፣ "ተመጣጣኙ" ይበቃዋል። ተመጣጣኝ! ዋጋውን ሳይ ከምን ጋር እንደተመጣጠነ ገባኝ፤ ከጊደር ጋር። ጊደር እንኳ ነገ ወልዳ ትታለባለች።

ተክዤ ወደ ከድር ሱቅ ሄድኩ። እሱም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ተክዟል።

"አየኸው ዋጋውን?" አልኩት።

"አየሁት። ወላሂ፣ ልጄ በመዝፈን ብቻ ደስ እንዲላት ዱዓ እያደረግሁ ነው።"

ይሄኔ ነው ያቺ የተረገመች ሐሳብ የመጣችልኝ። "ከድር... ቅርጫ ብንገባስ?"

ቀና ብሎ አየኝ። ሃያ ዓመት ተጎራብተናል፤ ሐዘኑም ደስታውም አብረን ነው፤ ቅርጫ ግን ገብተን አናውቅም። የእኔን በሬ የእኔ ሰው፣ የእሱን የእሱ ሰው ነዋ የሚባርከው! ለካ ለሁለታችንም ቤት የሚሆን አንድ እንስሳ ነበር። ከድር ከባንኮኒው ዞሮ ወጥቶ እጄን ጨበጠኝ።

ሐሙስ ዕለት ቢሮዬን "የቤተሰብ ጉዳይ" ብዬ አስፈቅጄ፣ እሱም ሱቁን ለሚስቱ ትቶ፣ በሚኒባስ ዳንግላ ሄድን። የስልክ ሽፋንና ስፒከር የሚሸጥ አንድ ወጣት ሦስት ቦንጎ ደረደረልን።

"ጋሼ፣ ይሄ ለተማሪ ነው። ይሄ በትርፍ ጊዜያቸው ለሚጫወቱ። ይሄኛው ለባለሙያ።"

"ልዩነታቸው ምንድን ነው?"

"ዋጋቸው።"

እንዲህ ያለ ሐቀኛ ነጋዴ ብርቅ ነው፤ ወደድኩት። ከድር ግን አልወደደውም። የገዛ ሱቁ ላይ "ዋጋ አይቀነስም" ብሎ የለጠፈ ሰው ለተማሪ የተባለችውን ቦንጎ እንደ ሙክት ያገላብጣት ጀመር። ቆዳዋን በአውራ ጣቱ ተጫነ፣ ከፍ አድርጎ መዘናት፣ አሸተታት...

"የምን ቆዳ ነው?"

"የፍየል።"

"በጣም ከስቶ ነበር ፍየሉ።"

"ጋሼ፣ ሊበሏት ነው እንዴ?" አለ ልጁ።

"ግማሿን" አልኩት።

ከብዙ ክርክር በኋላ ልጁ እኛን ለመገላገል ሲል ቀነሰልን። እንጅባራ እንደደረስን ቅርጫውን በሥርዓቱ አካሄድነው። በፒንሳና በካቻቢቴ መሃሏን ፈታን፤ ሁለት መደብ ሆነች። ዕጣ የሚጥለው ደግሞ ምልክቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነውና የሰፈራችንን ትልቅ ሰው እትዬ የሻረግን ጠራናቸው። የከድርን ቁልፍና የእኔን እስክሪብቶ ሰጠናቸው።

"ቅርጫ ነው ብላችሁኝ? ሥጋው የታለ?" አሉ።

"ከበሮ ነው እትዬ። እነዚህ ላይ ይጣሉልን።"

"ከበሮ አርዳችሁ?!"

እስክሪብቶውን ትልቁ ላይ፣ ቁልፉን ትንሹ ላይ ጣሉና በአዊኛ አንድ ነገር እያጉረመረሙ ሄዱ። አዊኛ ብዙም አልችልም፤ ይቺኛዋ ግን ያለ አስተርጓሚ ገባችኝ።

ትልቁ ደረሰኝ! ሻኛ እንደደረሰው ሰው ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ። ፍሬ ተቀበለችኝና ከኋላዬ የቀረ ነገር ካለ ብላ ፈለገች።

"ሌላኛውስ?"

"ሂክማ ጋ ነው። ቅርጫ ገብተን።"

"አባዬ... ቦንጎ እኮ ሁለቱ አንድ ላይ ነው!"

"ለጀማሪ ግማሹ ይበቃል" አልኩ፣ እንደ ዐዋቂ።

አለቀሰች። ግን ቆጥቤያለሁ እኮ! ቆጥቦ የሚጸጸት ሰው የት አለ?

ቅዳሜ እኔና ከድር የክበቡ ክፍል መስኮት ላይ ተለጥፈን አየን። የሙዚቃ መምህሯ "ቦንጎ ያመጣ?" ስትል ሁለት እጅ ወጣ። መምህሯ ፍሬን አየች፣ ሂክማን አየች፣ ከዚያ... በመስኮቱ እኛን አየች። ሳይነግሯት ገባት።

"ቦታው ለአንድ ተጫዋች ነው" አለች። "ወላጆች፣ ተስማሙና አንዷ ሙሉውን ትያዝ።"

ተስማሙ? ከድር እዚያው "ግማሽህን ሽጥልኝ" አለኝ።

"አንተ ሽጥልኝ እንጂ! ትልቁ የኔ ነው።"

"ትልቁማ ቡም ከማለት በቀር ምን ያውቃል? ዘፈኑን የሚናገረው ትንሹ ነው!"

"ታዲያ ዕጣው ሲወጣ ፊትህ ለምን ጠቆረ?"

"እኔ ነኝ የጠቆርኩት? ስስታም!"

"ስስታም ማለት የፍየሉን ክሳት የሚቆጥር ነው!"

ሃያ ዓመት ክፉ ቃል ያልተነጋገርን ሰዎች፣ በተማሪ ፊት፣ በግማሽ ከበሮ ልንደባደብ! በእውነት አፈርኩ፤ ግን አፍሬም አላቆምኩም። ያቆመን ከውስጥ የመጣው ድምፅ ነው። ዱም... ታክ-ታክ... ዱም... ታክ-ታክ...

ልጆቹ አንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተቀምጠዋል። ፍሬ ትልቁን፣ ሂክማ ትንሹን። አይተያዩም፤ ግን አንዷ ያቆመችበት ላይ ሌላዋ ትነሳለች። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጉንፋን ነው አልኩት ከድርን። እሱም ጉንፋን ይዞት ኖሯል።

"ሁለቱም ይግቡ" አለች መምህሯ። "ግን አንዷ ከቀረች ሌላዋም አትጫወትም። በግማሽ ቦንጎ መድረክ አላወጣም!"

በደስታ ተጠናቀቀ ብላችሁ ገጹን ልታጥፉ ነው አይደል? ቆዩ እንጂ! በዓሉ ገና ሦስት ሳምንት ነበረው። የእንጅባራ ብርድ ደግሞ የሙዚቃ ክበብ አያከብርም፤ ሂክማ አሳላት። የራሴ ልጅ ሲያስላት "ይለቅሻል" ብዬ ወደ ትምህርት ቤት የምሰድ አባት፣ ማርና ዝንጅብል ይዤ በጠዋት የሰው በር ላይ ተገተርኩ። ሻርፕ ሳታደርግ ስትወጣ ካየሁ ከመንገዱ ማዶ እጮኻለሁ። ከድርም አልተኛም። የፍሬ ጫማ ውሃ እንደሚያስገባ ደርሶበት ከሱቁ ቦቲ አወረደላት፤ ጠዋት ጠዋት ሁለቱን ባጃጅ ላይ ካልጫነ ሱቁን አይከፍትም። ትናንትም እንደ ወትሮው በሩ ላይ ተገናኘን።

"ሂክማ እንዴት አደረች?"

"ሳሉ ቀለል ብሎላታል፣ አልሐምዱሊላህ። ያንተዋ የሒሳብ ፈተና እንዴት ሆነላት?"

"ሰባት ከሃያ።"

"ሰባት?!" ከድር ጭንቅላቱን ያዘ። "ከክበቡ ሊያስወጡብን ነው እንዴ? በል ዛሬውኑ ወደ እኛ ላካት! ሂክማ ታስጠናታለች፤ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። አንተ እኮ ልጅ መቆጣት አታውቅበትም!"

እናላችሁ፣ ርካሽ ቦንጎ የምትፈልጉ ወላጆች፣ እንጨቱንም ቆዳውንም ብሎኑንም እዩ፣ ግን አደራችሁን ግማሹን አትግዙ። እኔ ግማሽ ቦንጎ ገዝቼ አንዲት ሙሉ ልጅ በምርቃት ተጨመረችልኝ።