ሞተሬ ጋራዥ ያስገባኝ ዕለት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሞተሬ ጋራዥ ሲወስደኝ አየሁ።

የሹራቤን እጅጌ በፍሬኑ ያዝ አድርጎ ቀስ እያለ ይጎትተኝ ነበር። ኮረኮንቹ ላይ ስንደርስ መብራቱን ወደ እኔ አዞረና፣ «ድንጋይ አለ፤ እያየሽ ርገጪ» አለኝ። ድምፁ ወፍራም ነው። ሞተር መናገሩ አልገረመኝም። የገረመኝ ትሕትናው ነው።

ይህን ሞተር የማያውቅ የደብረ ብርሃን ሰው የለም። ከሩቅ አገር የመጣ አሮጌ ሞተር ነው፤ ከጎኑ እንደ ታንኳ ያለ መቀመጫ ተቀጥሎበታል። በከተማው ውስጥ እሱን የሚመስል ሌላ የለም። ባለቤቴ አስናቀ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ የታመመ በግና ጥጃ በታንኳዋ ጭኖ ከገጠር ያመላልስ ነበር። ሲሞት እናቱ እማማ ይመኙሻል፣ በድሮ ሰው ወግ የሟች ፈረስ ከአስከሬኑ ፊት እንደሚሳብ ሁሉ፣ ሞተሩን አስገፍተው ከፊት አስኬዱት። መብራቱንም በጥቁር ጨርቅ ሸፈኑት። ከቀብር መልስ መጋዘን አስገብተው ሸራ አለበሱት፤ «የሟች ፈረስ ኮርቻ አይነካም» ብለውም ቆረጡ። ከዚያ ወዲህ ሸራው የሚገለጠው ለመታሰቢያው ቀን ብቻ ነው።

እኔ ግን ልነዳው ፈለግሁ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከከተማ ውጪ ነው፤ ሞተሩም ቆሞ እየዛገ ነው። ችግሩ እኔ አጭር ነኝ፤ ኮርቻው ላይ ስወጣ እግሬ አየር ላይ ይቀራል። ኮርቻው ዝቅ እንዲል፣ መሪው ወደ እኔ ቀረብ እንዲል፣ ቀለሙም እንዲለወጥ ከመካኒኩ ከደስይበለው ጋር በድብቅ ተስማማን። ቅዳሜ ጠዋት እማማ ገበያ ሲወጡ ሊመጣ። ዓርብ ማታ፣ ተመልሰው ሲያዩት ምን እላቸዋለሁ እያልኩ ተኛሁ።

በሕልሜ ጋራዡ ሩቅ ነበር። መንገዱ ላይ የጋሪ ፈረሶች ጋሪው ላይ ተንሰራፍተው አለንጋ ያወዛውዛሉ፤ ባለጋሪዎቹ ግንባራቸው ላይ ቀይ የክር ኳስ አስረው ይጎትታሉ። አንዲት ጎመን ሻጭ ፊሽካ ነፋችና ትራፊክ ፖሊሱን አስቆመችው።

«መንጃ ፈቃድ» አለችው።

ከደረት ኪሱ የጎመን ቅጠል አውጥቶ ሰጣት። አሸተተችው። «ጠውልጓል፤ አሳድስ» ብላ መለሰችለት። ሰላምታ ሰጥቶ አለፈ።

የትምህርት ቤታችን በር ላይ ተማሪዎቼ፣ አረፈዳችሁ እያሉ መምህራኑን በተራ ያንበረክኩ ነበር። የሒሳብ መምህሩ ወላጅ አምጣ ተብለው እያለቀሱ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አገኘናቸው። የእኔ ተራ ሲደርስ ሞተሩ፣ «እሷ ታማለች፤ ላሳክማት ነው» አላቸው። ተማሪዎቹ ወደ ጎን ብለው አሳለፉኝ። ሕመሜ ምን እንደሆነ ሞተሬ ብቻ ማወቁ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሻይ ቤቱ ጋ ደረስን። ከደጁ ሰዎች በአንድ እግራቸው ወደ ጎን ዘመም ብለው፣ ተደርድረው ቆመዋል። ሞተሮቹ ውስጥ ገብተው ቤንዚን በብርጭቆ እየጠጡ ያወራሉ። ከቆሙት መካከል ርዕሰ መምህራችን ነበሩ።

«ጋሽ ዘውገ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«አቁሞኝ ገባ» አሉኝ። ጆሯቸው ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አሳዩኝ። «ቆልፎብኛል። ፀሐይ እንዳይመታኝ ወደ ጥላው ገፋ አድርጊኝማ።»

ገፋ አደረግኋቸው። ከበሩ ላይ አንድ ሰማያዊ ሞተር ብቅ ብሎ ሞተሬን ተጣራ።

«አባ እታገኘሁ! ወዴት ነው በጠዋቱ?»

እታገኘሁ እኔ ነኝ። የድሮ ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ እዚያ ግን ሞተሩ ነው በሰውዬው ስም የሚጠራው።

«ሰውዬዋን ላሠራት» አለ ሞተሬ።

«ምን ሆነች?»

«ትነሳለች። ግን አትሄድም።»

«እንግዲያ ሽጣትና ሌላ ውሰድ!»

ሞተሬ ጭሱን ፊቱ ላይ ለቀቀበትና ጎተተኝ።

የጋራዡ በር ላይ «ሰው እናድሳለን» ይላል። ዋናው መካኒክ ሙክት ነበር፤ ትልቅ የመንዝ በግ፣ ጥቁር ዘይት የጠጣ ቱታ የለበሰ። ሣንቃ ላይ አስተኛኝና በብሎን መፍቻው ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ።

«ባልሽን አውቀዋለሁ» አለኝ። «ሙክት ያደረገኝ እሱ ነው። እጁ ቀዝቃዛ ነበር።»

«ይቅርታ አድርግለት» አልኩ።

«አልተቀየምኩትም። ወፍሬበታለሁ።» ወደ ሞተሩ ዞረ። «ብርቅ ናት። የዚህ ዓይነት ካየሁ ቆየሁ፤ መለዋወጫዋም አይገኝም። ኦርጅናል ናት?»

«ኦርጅናል ናት። ጥቁሩ ብቻ በኋላ የመጣ ነው።»

ሙክቱ የጥቁር ቀሚሴን ጫፍ በምላሱ ላስ አደረገው። «ጨው ጨው ይላል» አለ። ደግሞ ላሰው። «ምን ትሠራ?»

ሞተሩ ሲያስብበት የከረመ ይመስላል። «እግሯን በስንዝር አስረዝምልኝ፤ ላዬ ላይ ስትወጣ መሬት ይድረስላት። አንገቷንም ተመልከተው፤ ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚዞረው።»

«ሌላስ?»

«ክላክሷ አይሠራም።»

ሙክቱ አፍንጫዬን ተጫነው። ድምፅ የለም። ጠበቅ አድርጎ ተጫነው።

«ተቃጥሏል?»

«አልተቃጠለም። ራሷ ናት ያጠፋችው። ሰው እንዳይረበሽ ብላ።»

«እኔንስ የሚጠይቀኝ የለም?» አልኩ።

ሁለቱም ደነገጡ። «ትናገራለች እንዴ?» አለ ሙክቱ።

«አንዳንዴ» አለ ሞተሩ። «ብዙ አታበረታታት።»

ይህን እንዳለ ውጪ ሁካታ ተሰማ። የለቅሶ ድንኳን በራሱ ካስማ እየተራመደ በበሩ ገባ። ውስጡ ሰፈርተኛው ሁሉ አለ፤ ደረቱን እየደቃ ይስቃል። ከፊት እማማ ይመኙሻል ጥጃ ላይ ተቀምጠው ይመጣሉ፤ በእጃቸው ጥቁር ጨርቅ ይዘዋል።

«የልጄን ነገር የሚነካካው ማነው?»

«ደንበኛ አምጥቷት ነው፣ እናቴ» አለ ሙክቱ፤ ቀንዱን ዝቅ አድርጎ።

«አትነካም! አስናቀ እንደተዋት ትቀመጥ! ብሎን ቢወልቅባት እንኳ ሌላ እንዳይተካ!»

ጨርቁን ግንባሬ ላይ አሰሩት፤ ዓይኔን ሸፈነው። ከዚያ «ሸራ አምጡ» ሲሉ ሰማሁ። ሸራው ወረደብኝ። የመጋዘናችን ሽታ መጣ፤ የዘይት፣ የጎማ፣ የአቧራ። ለመታሰቢያው ቀን ተወልውዬ እወጣለሁ፤ ሰው ያየኝና ከንፈሩን ይመጥጣል፤ መልሰው ያስገቡኛል። «እማማ፣ እባክዎ፣ እኔ በሕይወት አለሁ» ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

«አስናቀ ራሱ ይጠየቅ!» ብሎ ጮኸ ሞተሩ።

«የት ይገኛል?» አለ ሙክቱ።

«ሥራ ላይ ነዋ። በዚህ ሰዓት ሙታን ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው፤ ዕረፍት የወጣው በሕይወት ያለው ሰው ነው።»

ሸራውንም ጨርቁንም የገለጠልኝ አስናቀ ነበር። የጎማ ቦቲውን አድርጓል። እንደ ወትሮው ቸኩሏል።

«እማ፣ ይህ ሁሉ ሰው ምንድነው?»

«ልጄ፣ ኮርቻህን ሊያወርዱት ነው!»

«ይውረድ እንጂ። እኔንስ መች ተመቸኝ? እግሬ መሬት አይደርስም ነበር።»

«አንተ? አንተ ዘንካታው?»

«መንገድ ላይ ስቆም በጣቶቼ ጫፍ ነበር የምቆመው። ጥፍሬ እስከ ዛሬ ያመኛል። ሰው ሲያየኝ ረጅም ስለሚለኝ ዝም አልኩ።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሳቁን አቁሞ በደስታ ማልቀስ ጀመረ። አስናቀ ወደ እኔ ዞረ። ልለው ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ቃል በቃል አስተካክዬ ይዤው ኖሬያለሁ። እሱን ልጀምር ስል ሙክቱ አፍንጫዬን ተጫነው።

ክላክሱ ጮኸ። እንደ ዳክዬ ነበር የጮኸው፤ ትልቅ፣ የተናደደ፣ ብዙ ዘመን ውሃ ያላገኘ ዳክዬ። ሙክቱ እጁን ቢያነሳም አልቆመም። ጥጃው ፈረጠጠ። ድንኳኑ ካስማውን ሰብስቦ ሮጠ። አስናቀ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«ይህ ሁሉ ድምፅ ነበረሽ እንዴ?» አለኝ። ሰዓቱን አየ። «ላም ምጥ ላይ ናት፤ ልሂድ።»

ሄደ። አልተከተልኩትም። ክላክሱ ሲያልቅ ደረቴ ባዶ ክፍል መሰለኝ፤ ዕቃ ወጥቶለት የተጠረገ። ሙክቱ መዶሻውን አንስቶ፣ «እንግዲህ ወደ እግሯ» አለና ጉልበቴን ይመታ ጀመር። ቋ! ቋ! ቋ! አያምም ነበር።

ነቃሁ።

መዶሻው ግን አላቆመም። ከግቢያችን ነው የሚመጣው። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ የአልጋዬ ግማሽ ላይ ደርሷል። እንቅልፍ ጥሎኝ ደስይበለው መጥቷል ማለት ነው፤ በሩን የከፈቱለት ደግሞ እማማ ናቸው፤ ከእሳቸው በቀር ሌላ ሰው በቤቱ የለም። ጋቢዬን በሌሊት ልብሴ ላይ ጣል አድርጌ በባዶ እግሬ ወጣሁ።

ሸራው መሬት ላይ ተጥሏል። ደስይበለው ከሞተሩ ሥር ተንበርክኮ ይቀጠቅጣል። እማማ ይመኙሻል ታንኳዋ ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዣንጥላቸውን ዘርግተው።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ይቆጣሉ ብዬ...»

«ተቆጥቼማ ነበር! ይህ ሰውዬ የቀለም ቆርቆሮ ይዞ ሲገባ፣ ሊሸጥ ነው አልኩ። ሰው ሞተሩን ቀለም የሚቀባው ሊሸጠው ሲል አይደል? ዛሬ ሞተሩ ይሄዳል፤ ነገ እሷ ጓዟን ጠቅልላ ትሄዳለች፤ እኔ ከሸራው ጋር ልቀር ነው አልኩ።»

«በዱላ ሊሉኝ ነበር፣ እትዬ» አለ ደስይበለው ከታች።

«አንተ ሥራህን ሥራ! ኋላ ኮርቻውን እስከዚህ አወረደው። ምነው ለማን ነው ስለው፣ በእትዬ እታገኘሁ ልክ ነው አለኝ።» ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ለእንዲህ ያለች ድንክ የተሠራ ሞተር ማን ይገዛዋል? ማንም! ያን ጊዜ ነፍሴ መለስ አለች።»

ስንት ወር ሙሉ ሴትየዋ የልጃቸውን ኮርቻ የሚጠብቁ መስሎኝ፣ እኔን ነበር የሚጠብቁት።

«ከዚያ ገብቼ ተቀመጥኩ። አስናቀ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ሁሉ በግ ሲጭንባት አንድ ቀን 'እማ ግቢ' ብሎኝ አያውቅም። ስማ አንተ፣ እዚህ ትራስ አድርግበት፤ እኔ በግ አይደለሁም። ዣንጥላ መሰኪያም ሥራልኝ።»

«ቀለሙስ፣ እማማ? እትዬ ግራጫ ብለው ነበር።»

«ግራጫ? የምን ግራጫ? ቀይ አድርገው። ከሩቅ የሚታይ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ትገተሪያለሽ? ገበያው ሳይሞቅ አድርሺኝ።»

«እማማ፣ መንዳት ገና አልተማርኩም።»

«እስቲ ውጪበት።»

ጋቢዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ባዶ እግሬን ወደ ታች ላክሁት፤ ሁለቱም ውስጥ እግሬ በሙሉ ቀዝቃዛው መሬት ላይ አረፈ።

«ደረሰልሽ?»

«ደረሰልኝ።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ?» አሉና ዣንጥላቸውን አጥፈው የታንኳዋን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨበጡ።