ብልቃጡ ሦስት ጊዜ ሲመታ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ዝንቦች ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ እኛን ሰዎችን በብልቃጥ ከተው ሲያረቡን አየሁ። ጋዋናቸው ስድስት እጅጌ ነበረው። እኔ ቀን ቀን በቤተ ሙከራ እርጅናን የሚያዘገይ መድኃኒት ለፍራፍሬ ዝንቦች የማበላ ሰው ነኝና ወዲያው ገባኝ፤ ተራው የእኛ ነው።

ከእናቴ ከወይዘሮ አልጋነሽ ጋር አንድ ብልቃጥ ደረሰን። ከታች የበቆሎ ገንፎ፣ ከላይ የጥጥ ውታፍ። በጎረቤት ብልቃጥ የእድራችን ዳኛ አቶ ደምመላሽ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ገመድ ይዘላሉ። የልጅ ልጃቸው ሸብቶ፣ ከዘራ ተደግፎ ይቆጥርላቸዋል።

«ምን አግኝተው ነው?» አልኩ በመስታወቱ በኩል።

«መድኃኒት ነዋ! ትናንት ጥርስ አበቀልኩ» አሉኝ፤ ዝላዩን ግን አላቆሙም።

እናቴ ገንፎው ጥግ ጋደም ብላለች። ዋናውን ዝንብ ጮኬ ጠራኋቸው።

«ዶክተር፣ የእኛ ገንፎ ውስጥ መድኃኒቱ የለም!»

«የእናንተ ብልቃጥ ማነጻጸሪያ ነው» አሉኝ ረጋ ብለው። «ያለ መድኃኒት የሚያረጅ ከሌለ፣ መሥራቱን በምን እናውቃለን?»

ቃሉ የራሴ ነበር። አዲስ ለተቀጠረ ሁሉ የምለው እሱኑ ነው። አፈርኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ።

ብልቃጡ ቤታችን ሆነ፤ ጣሪያው ግን ያው ጥጥ ነው። ዶክተሩ መዝገብ ይዘው መጡና መስታወቱን በአንድ እግራቸው መቱት። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ ተመትቶ ያልተንቀሳቀሰ፣ ሞተ ተብሎ ይጻፋል።

ቋ!

«እማዬ፣ ተንቀሳቀሺ!»

«ተወኝ ልጄ፣ ደክሞኛል። መድኃኒታችሁ ለሰው ደረሰ?»

«መጀመሪያ ለዝንብ ነው፤ በእግዜር ተነሺ!»

ቋ!

ላነሳት ስል እጄ ክንፍ ሆኖ አዳለጠኝ።

«ዶክተር፣ አመለጠች ብለው ይጻፉልኝ!» ብዬ ለመንኩ። በእኛ ሥራ ያመለጠ ከሞቱት ጋር አይቆጠርም።

«ጥጡ እንደተወተፈ ነው እኮ። በየት አመለጡ ልበል?» አሉና እግራቸውን እንደገና አነሱ።

ነቃሁ። ነግቷል። «ሕልም እልም» እያልኩ ሄጄ የእናቴን በር አንኳኳሁ። ሌላ ቀን ቢሆን ገና በመጀመሪያው «አለሁ፣ አልሞትኩም!» ብላ ትቆጣኛለች። ዛሬ ዝም አለች። ደግሜ አንኳኳሁ። ሦስተኛም አንኳኳሁ።

በሩን መክፈት ፈራሁ። አራተኛ አንኳኳሁ።