የአማች መኪና ኮፈኑ አይከፈትም

የቆቦ ሰው በሬ ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ አንድ የገበያ ቀን ብቅ በሉ። በሬው ገበያ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ፋታ የለውም። አንዱ አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ይቆጥራል፣ ሌላው ወገቡን በመዳፉ ይጫነዋል፣ ሦስተኛው ያስሮጠዋል፣ አራተኛው ደግሞ በሬውን ትቶ ባለቤቱን ይይዛል፦ ሲጠመድ ይተኛል ወይ? ይዋጋል ወይ? ጎረቤትህ ማን ነው? ደህና ከሆነ ለምን ትሸጠዋለህ? ሻጩ ይምላል፤ ገዢው መሐላውን ሰምቶ ሲያበቃ ጥርሱን እንደገና ይቆጥራል። ማንም አይቀየምም። በሬውም ለምዶታል።

ይኸው ጥርስ ቆጣሪ ሰው መኪና ሲገዛ ግን ምን እንደሚነካው አላውቅም። ቀለሟን ያያል። ወንበሯ ላይ ቁጭ ብሎ ሁለቴ ዘለል ዘለል ይላል። ጎማዋን በጫማው ጫፍ ይመታል፤ ለምን እንደሚመታ እስካሁን የነገረኝ የለም። ከዚያ «ማሻ አላህ» ብሎ እጁን ይዘረጋል። ሰውን በሩቁ የማማ እንዳይመስላችሁ፤ ጎማዋን የመታሁት እኔ ነኝ።

ቆቦ ላይ ሒሳብ ሳስተምር ሃያ ምናምን ዓመቴ ነው። እንጀራዬ «እንዴት አገኘኸው? አሳየኝ!» ማለት ነው። ተማሪ መልሱን ቢያገኝ እንኳ የሄደበትን መንገድ ካላሳየኝ ማርክ አልሰጥም። ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ስጠይቅ የኖርሁ ሰውዬ መጠየቅ በሚገባኝ ቀን ምላሴን ምን እንደያዘው ልንገራችሁ። ይሉኝታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ አለችኝ፤ ሰዓዳ ትባላለች፣ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የሮቢቱ የማሽላ ነጋዴ አያ ይማም ለልጃቸው ለኑሩ ሽማግሌ ላኩብን። ወጉ አይቅርብን ብለን ጠየቅን፤ የኑሩን አያት ጠየቅን፣ ቅድመ አያቱን ጠየቅን፣ በእናቱ በኩል ያሉትን ሁሉ ከመቃብር እየቀሰቀስን ጠየቅን። ጨዋ ዘር ሆኖ ተገኘ። ኒካሁም ማሽላው ከገባ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔ ከአያ ይማም ፊት አጎንባሽ ሆንሁ። ሳልሁ እንኳ የልጄን ትዳር የማፈርስ እየመሰለኝ አፌን እሸፍናለሁ።

እንዲህ ባለሁበት ወቅት አያ ይማም ደወሉ። መኪናቸውን ሊሸጡ ነው፤ ግን ለባዕድ ከምትሄድ ለአማቻቸው ብትሆን ይመርጣሉ። «ቱርቦ እኮ ናት» አሉኝ፣ ስለ አንድ የተማረ ዘመድ በሚወራበት ድምፅ። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ የሚያሽከረክረው ትንሽ መዘውር ነው፤ ለሞተሩ አየር እያጎረሰ ትንሿን ሞተር እንደ ትልቅ ያስሮጣታል። ይህን የማውቀው አሁን ነው። ያኔ የማውቀው ቱርቦ ሲባል ሰው ቅንድቡን ከፍ እንደሚያደርግ ብቻ ነበር።

ቤቴ ድንገት ይዣት ልግባ ብዬ ለባለቤቴ ለጦይባም፣ ለሰዓዳም ሳልናገር ሚኒባስ ይዤ ሮቢት ወረድሁ። አያ ይማም አስፋልቱ ዳር መኪናዋን አስነስተው ይጠብቁኛል። ቤታቸው ከዚያ ይታያል፤ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። «የምራቴ አባት በዚህ ፀሐይ በእግሩ አይሄድም» ብለው አሳፈሩኝና ከተማውን ሁለት ጊዜ አዞሩኝ። ቤት ስንደርስ ፍየል ታርዷል። ሦስት ሽማግሌዎች ከግራሩ ሥር ተቀምጠዋል። ስለ ዋጋ ከማውራታችን በፊት ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው ለመኪናዋ ዱአ አደረጉ፤ መንገዱን ቀና፣ ጎማውን ጠንካራ፣ ባለቤቱን ባለ ረጅም ዕድሜ ያድርግልን አሉ። እኔም «አሚን» አልሁ። አሚን ካሉ በኋላ ደግሞ እስቲ ኮፈኑን ይክፈቱልኝ ይባላል? እናንተ ትሉ ነበር? ፍየሉን በልታችሁ፣ ዱአውን ተቀብላችሁ፣ ልጃችሁን ልትሰጡት ከተስማማችሁት ሰው መኪና ሥር ተንበርክካችሁ ዘይት ታንጠባጥብ እንደሆነ ታዩ ነበር? እኔ ጎማዋን መታሁና «ማሻ አላህ» አልሁ።

በገዛኋት በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳስነሳት ከማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ወጣ። ነጭ አይደለም፣ ጥቁር አይደለም፣ ሰማያዊ። የጎረቤት ዶሮዎች ሸሹ። በሳምንቱ ዘይቷን ባይ መለኪያው ላይ የለም። ጨመርሁ፤ ጠጣች። ጨመርሁ፤ ጠጣች። ትምህርት ቤት በር ላይ ስደርስ ተማሪዎቼ እያሳሉ ይቀበሉኛል። «አጫሿ» ብለው ስም አወጡላት። በዕድሜዬ ሲጋራ ነክቼ የማላውቅ ሰውዬ በመኪናዬ የተነሣ ስሜ በከተማው ጠፋ። የባጃጅ ነጂዎችም «መምህር፣ ምን እየተቀቀለ ነው?» እያሉ ያልፉኛል። ሳቁ ደህና ነው፤ እኔን ያንገበገበኝ ለማን አቤት እንደምል አለማወቄ ነው።

መካኒኩ ደሳለኝ ዘንድ ወሰድኋት። ደሳለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ እንደ ሐኪም ጠየቀኝ።

«ስትገዟት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ አስነስታችሁ አይታችኋል?»

«ከአስፋልቱ ዳር ሊቀበሉኝ ይዘዋት መጥተው ነበር።»

«በማርያም! ያደረች ቱርቦ መጀመሪያ ስትነሳ እኮ ነው ጉዷ የሚወጣው። ገዢ መጀመሪያ ኮፈኑን በመዳፉ ይነካል፤ ከሞቀ ‹ነገ ጠዋት እመጣለሁ› ብሎ ይሄዳል። ዳገት አስወጥታችኋታል?»

«ሮቢት ምን ዳገት አለው?»

«የአየሩን ቱቦ ፈትታችሁ መዘውሩን በጣት ወዝወዝ አድርጋችሁታል? ወዲያ ወዲህ ካለ፣ ቱቦው ውስጥም ዘይት ካለ አለቀላት ማለት ነው። ድምፁስ? ትንሽ ፉጨት ጤና ነው፤ እንደ አምቡላንስ ከጮኸች ግን ሽሹ ነው። ዘይቷ በየስንት ጊዜው ይቀየር እንደነበር ጠይቃችኋል? ቱርቦ እኮ በዘይት ነው የምትኖረው። በዚህ በራያ ሙቀት አስፋልቱ ላይ ሲያበሯት ውለው፣ እንደቆሙ ትንሽ ሳያሳርፏት ቁልፉን ከነቀሉ ደግሞ ዘይቱ እዚያው ያርርባታል። እንዲህ ታደርጉ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቃችኋል?»

«ዱአ ተደርጎ ነበር» አልሁት።

ደሳለኝ ክርስቲያን ነው፤ ስለ ዱአ ክፉ መናገር አልፈለገም። ኮፈኑን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ማታ ጦይባ አፋጠጠችኝ። «መልስለት። ወይ አንተ ተናገር፣ ወይ እኔ እናገራለሁ» አለች። እንዴት ብዬ ነው የምመልሰው? «መኪናዎ በሽተኛ ናት» ብል «ሸወድኸኝ አልኸኝ» ይሆናል፤ ሸወድኸኝ ከተባለ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ሽማግሌ ከተቀመጠ ኒካሁ ይዘገያል፤ የዘገየ ኒካህ ደግሞ ምን እንደሚሆን አይታችኋል። ልጄን በአንድ ቱርቦ ልቀይራት? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። የተመነጠረ ሰው ቢያንስ ይጮኻል፤ እኔ እየተመነጠርሁ ፈገግ እል ነበር። ጁምዓ ጁምዓ አያ ይማም እየደወሉ «መኪናዋ እንዴት ናት?» ይሉኛል። «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ውሸት አልነበረም፤ አላህ በሁሉም ይመሰገናል።

ኒካሁ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሙሽሮቹን ልብስ ለመግዛት ከአያ ይማም ጋር ወደ ወልድያ ተነሣን። በምን? በእሷ ነዋ። ጎብዬን አለፍን። ዳገቱ ሲጀምር ጉልበቷ ከዳት። ቤንዚን ብረግጥ ታጓራለች እንጂ አትሄድም። ከዚያ ፉጨቱ መጣ፣ ፉጨቱ ጩኸት ሆነ፣ በስተኋላችን ያለው መንገድ በሰማያዊ ጭስ ተሸፈነ። ቆምን። ሚኒባሶች እየጮኹብን አለፉ። ሁለት አማቾች ከአንዲት ቀጫጫ ግራር ሥር ተጠግተን ቆምን። አያ ይማም መቁጠሪያቸውን ሲያንከባልሉ ቆዩና ቀና አሉ።

«አንቱ መምህር፣ ምነው ያኔ ሳይጠይቁኝ?»

ጆሮዬን አላመንሁም። «ምኑን?»

«ጭሱን ነዋ! ወላሂ ቢጠይቁኝ አልዋሽዎትም ነበር። ዘይት ትበላለች፣ ዋጋዋን ዝቅ አድርገው ይውሰዷት እል ነበር። ቀኑን ሙሉ ስጠብቅዎ ዋልሁ። አሁን ኮፈኑን ይከፍታል፣ አሁን ይጠይቀኛል እያልሁ። ጎማ መትተው ሄዱ!»

«እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሻጭ ሳይጠየቅ የዕቃውን ገመና ያወጣል? በሬዎን ሲሸጡ ‹ይተኛል› ብለው ይጀምራሉ?»

ደሜ ፈላ። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ዳገት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አማቼ ላይ ልጮህ አፌን ከፈትሁ። ሳልጀምር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ።

«ስለ ልጄም እኮ አልጠየቁኝም።»

ዳገቱ ዞረብኝ። እውነታቸውን ነው። አያቱን ጠይቀናል፣ ቅድመ አያቱን ጠይቀናል። ኑሩን ራሱን ግን ማንም «አንተስ?» አላለውም። አንድ ልጄን ኮፈኑ ሳይከፈት ልሰጣት ነበር።

«ምን አለው?» አልሁ። «ይንገሩኝ አያ ይማም። ይኸው ጠየቅሁ።»

«ልቡ መልካም ነው። ጫት ግን ይዞት ነበር። ጥርቅም አድርጌ ትቻለሁ ይላል፤ እኔ አባቱ ነኝ፣ ቁርጡን አላውቅም» አሉ፤ ዐይናቸውም እንባ አቀረረ። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። መኪናዋን እዚያው ጥለን ሁለታችንም በሚኒባስ ተመለስን። ልብስም አልተገዛ።

ቤት ገብቼ ሰዓዳን አስቀመጥኋት። መንገድ ለመንገድ ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋብኝና ጫቱን አፈረጥሁት። ኒካሁን ተወው ካለች እንደሚቀር፣ የእኔን ይሉኝታ እንዳታስብ ነገርኋት።

«አባዬ፣ አውቃለሁ» አለች። «ሽማግሌ ሳይላክ ነው የጠየቅሁት። ነገረኝ። እስክትተው አይሆንም አልሁት። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ጠዋት በማለዳ፣ ሳልነግረው፣ ሮቢት እወርድና የእህል ሱቃቸውን ሲከፍት ፊቱን አያለሁ። ዐይኑን፣ አፉን፣ እጁን። ስድስት ወሩ ነው፤ ንጹሕ ነው።»

በቀዝቃዛው አየችው ማለት ነው። ከቤታችን ውስጥ ደሳለኝ ሳያስተምራት መግዛት የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ኩራትም እፎይታም አንድ ላይ መጡብኝና ዐይኔን ጠረግሁ።

«ስለ መኪናዋስ ኑሩ ነግሮሽ ነበር?» አልኋት፣ ለሳቅ ያህል።

«ዘይት እንደምትጠጣ? አዎ፣ ያኔውኑ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አባዬ፣ ከሮቢት ስትመለስ ‹ገዛሁ› ብለህ ነው የገባኸው» አለችኝ። «መቼ ጠየቅኸኝ?»