ሳትሞከር የማትገዛ መኪና

ወርቅአገኘሁ፦ በሩ ከውስጥ አይከፈትም ነው የምልህ!

ዘሥላሴ፦ አባቴ፣ በር ከውስጥ ምን ሊያደርግልዎ ይከፈታል? መኪና የሚገቡበት እንጂ የሚሸሹበት አይደለም!

ወርቅአገኘሁ፦ መውረድ ቢያምረኝስ?

ዘሥላሴ፦ በመስኮቱ እጅዎን ያወጡና በውጭ በኩል ይከፍቱታል።

ወርቅአገኘሁ፦ መስኮቱስ ይወርዳል?

ዘሥላሴ፦ እሱማ እንደ ወረደ ነው የቀረው።

(ደብረ ብርሃን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የዘሥላሴ ግቢ። በሰፈሩ ስለ መኪና ጥገና ከዘሥላሴ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እሱ ራሱ ነው እንዲህ የሚለው። ሚስቱ ምስራቅ ትናንት ቁርጡን ነግራዋለች፤ «ነገ ወይ ያቺ አሮጌ የመስክ መኪና ትሸጣለች፣ ወይ አንተም ከእሷ ጋር ትወጣለህ!» ስለዚህ ባለ ጋቢው የእነዋሪ ገበሬ፣ አቶ ወርቅአገኘሁ፣ «የሚሸጥ መኪና» የሚለውን የበር ላይ ጽሑፍ አይተው ሲገቡ፣ ዘሥላሴ ስለቱ የሰመረለት መሰለው። ፊታቸውን አየና በልቡ «አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው» አለ።)

ወርቅአገኘሁ፦ ሞተሯ ላይ የደረበችው ብርድ ልብስ ምንድን ነው?

ዘሥላሴ፦ የደብረ ብርሃን ብርድ ቀልድ መሰለዎ? ማታ ማታ አለብሳታለሁ። ጥገና ማለት ይኼ ነው!

ወርቅአገኘሁ፦ ባለቤትህስ ምን ትለብሳለች?

ዘሥላሴ፦ እሷም ይህንኑ ነው የጠየቀችኝ።

ወርቅአገኘሁ፦ ለመሆኑ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች?

ዘሥላሴ፦ ቆጣሪው ቆጥሮ ቆጥሮ ሰለቸውና ተወው።

ወርቅአገኘሁ፦ እንግዲህ ልጄ፣ እኔ ሳልሞክር አልገዛም። በሬ እንኳ ስገዛ ጠምጄ አርሼበት ነው።

ዘሥላሴ፦ መሞከርማ መብትዎ ነው! እስከ አደባባዩ ደርሰን እንመለስ።

ወርቅአገኘሁ፦ እሱማ ሜዳ ነው። ሜዳ ላይ ማን ሰነፍ አለ? አንኮበር ትውረድና ልያት።

ዘሥላሴ፦ አንኮበር ድረስ?!

ወርቅአገኘሁ፦ ካልሆነ ሌላ አያለሁ።

ዘሥላሴ፦ ኧረ ማን እምቢ አለ! ይግቡ፣ ይግቡ!

ወርቅአገኘሁ፦ ባዶዋንማ አልሞክራትም። (ከበሩ ውጭ ያቆሙትን ጆንያ ጤፍና አንድ የሰባ በግ ይዘው ይመለሳሉ።)

ዘሥላሴ፦ በግ ደግሞ ለምን?

ወርቅአገኘሁ፦ ሸክም የማትችል መኪና ምን ትሠራልኛለች?

ዘሥላሴ፦ (ለራሱ) ኧረ እንዴት ያለ ጠንቃቃ ገዢ ነው!

(መንገድ ላይ ናቸው። መኪናዋ ትንቋቋለች፤ ዘሥላሴ ያፏጫል።)

ወርቅአገኘሁ፦ ልጄ፣ በጉ ወንበሩን እየበላው ነው።

ዘሥላሴ፦ ምን?! ስፖንጁ ቢያልቅ በጭድ የሞላሁት እኮ ነው! ገና አሁን የጠገንኩት!

ወርቅአገኘሁ፦ የምን ጭድ ነው?

ዘሥላሴ፦ የገብስ።

ወርቅአገኘሁ፦ የጤፍ ይሻል ነበር። ስገዛት እቀይረዋለሁ።

(«ስገዛት» የምትለው ቃል የዘሥላሴን ልብ ቅቤ አጠጣችው። በጉ አንዱን ወንበር ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ቢዞር እንኳ ቅር አላለውም።)

ወርቅአገኘሁ፦ ከፊት የሚጨሰውስ?

ዘሥላሴ፦ ትንፋሿ ነው። በብርድ የእርስዎስ ትንፋሽ አይታይም?

ወርቅአገኘሁ፦ እኔ ስተነፍስ ውሃ አላንጠባጥብም።

(ዘሥላሴ ቆሞ ኮፈኑን ይከፍታል። ራዲያተሩ ተሸንቁሮ ውሃው ይፈሳል።)

ዘሥላሴ፦ አይስጉ! መካኒክ ቢያየው «ይቀየር» ይላል፤ እኔ ግን መድኃኒቱን አውቃለሁ። ስንቅ ይዘዋል?

ወርቅአገኘሁ፦ በሶ አለኝ።

ዘሥላሴ፦ ያምጡት! ዱቄቱ ሄዶ ሽንቁሩን ይደፍነዋል። ሳይንስ ነው! (በሶውን ከውሃ ጋር ራዲያተሩ ውስጥ ገልብጦ ይነዳል።)

ወርቅአገኘሁ፦ ልጄ፣ ገንፎ ገንፎ ሸተተኝ።

ዘሥላሴ፦ እየደፈነ ነው ማለት ነው።

ወርቅአገኘሁ፦ በክዳኑ ገንፍሎ ወጣ እኮ!

ዘሥላሴ፦ ትርፉ ነው የሚወጣው። ሥራውን የጨረሰው።

ወርቅአገኘሁ፦ አይ፣ ቅቤና በርበሬ ብንይዝ ኖሮ! (መንገዱን ያያሉ።) ኧረ ቁልቁለቱ መጣ! ፍሬን ያዝ!

ዘሥላሴ፦ ከያዝኩ ቆየሁ።

ወርቅአገኘሁ፦ ታዲያ ምነው አልቆመች?

ዘሥላሴ፦ ፍሬኗ አስተዋይ ነው። መጀመሪያ ያስባል፣ ከዚያ ይይዛል።

ወርቅአገኘሁ፦ ገደሉ ጋ ሳንደርስ አስቦ ይጨርሳል?

ዘሥላሴ፦ እስከ ዛሬ አላሳፈረኝም።

ወርቅአገኘሁ፦ ያሳፈረህ ቀን ማን ይነግርልሃል? (ያማትባሉ።)

(አንኮበር፣ ከአንድ ግቢ ደጃፍ። መኪናዋ አንድ ድንጋይ ላይ ወጥታ ትቆማለች። ሴቶች እልል እያሉ ይወጣሉ፤ ጎረምሶች በጉንና ጤፉን ያወርዳሉ። ዘሥላሴ ደስታው ከልክ አልፎ እጅ እየነሳ ይወርዳል።)

ዘሥላሴ፦ እግዜር ያክብርልኝ! ቤተሰብዎ መኪናዋን እንዲህ ይወዷታል ብዬ አላሰብኩም!

ወርቅአገኘሁ፦ ነገ የልጅ ልጄ ክርስትና ትነሳለች። እልልታው ለበጉ ነው።

ዘሥላሴ፦ ለበጉ? በጉ ለሙከራ አልነበረም እንዴ?

ወርቅአገኘሁ፦ ተሞከረ እኮ! ይኸው ደረሰ።

ዘሥላሴ፦ እሺ... መኪናዋስ? መኪና ይፈልጉ የለም?

ወርቅአገኘሁ፦ መኪናማ አለኝ። አዲስ ናት፣ እነዋሪ ግቢዬ ቆማለች።

ዘሥላሴ፦ መኪና አለዎት?! ታዲያ በእሷ አይመጡም ነበር?

ወርቅአገኘሁ፦ በዚህ መንገድ? አብደሃል እንዴ! የሰው መኪና እያለ የራሴን ላንገጫግጭ?

(ዘሥላሴ ክው አለ። ምስራቅን ምን ብሎ እንደሚያያት ጠፋው። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።)

ዘሥላሴ፦ እንግዲያው... አይገዙኝም ማለት ነው?

ወርቅአገኘሁ፦ መች ወጣኝ? ቁልቁለቱን አየሁት፣ ደህና ነው። ዳገቱን ግን ገና አላየሁም። ሰኞ ወደ አገሬ ስመለስ ብቅ በልና እሱንም እንሞክር። አማቾቼም አብረው ይሞክሯታል።

(ዘሥላሴ አገጩን ይዞ ትንሽ አሰበ። ፊቱ ቀስ በቀስ እንደገና በራ።)

ዘሥላሴ፦ ስንት ሰዓት ልምጣ?