የጾም ነው ብዬ የፈረድሁለት ካሮት

እናንት ወዳጆቼ፣ እኔ ሽማግሌው ዛሬ እዚህ በስደት አገር ስፓዳይና መንገድ ላይ ምን ሆኜ እንደዋልሁ ብነግራችሁ፣ «መሪጌታ አርጅተዋል» ትላላችሁ።

በሉ። እውነት ነው።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ገጽ፣ እዚያው የቻይኖቹ ሰፈር ቻይናታውን ስለሚሸጠው የነጭ ፍጅል ጥብስ ከነፎቶው የለጠፍሁትን ታስታውሳላችሁ? «ርካሽ፣ ትኩስ፣ ያለ ጥርጥር የጾም» ብዬ ነበር። ብዙዎቻችሁ ላይክ አደረጋችሁ። አንዳንዶቻችሁማ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ብላችሁ ጻፋችሁልኝ።

ቃለ ሕይወቱን እመልስላችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ አስካለ ከማረፏ በፊት፣ በየዓርቡ ከሰፈራችን ከክሬሰንት ታውን ወደ ሆስፒታል እወስዳት ነበር። ስንመለስ ከስትሪትካሩ፣ ከከተማው ባቡር፣ እንወርድና በአንዲት የካንቶን ቻይናዊት እናት የምግብ መሸጫ መስኮት ፊት እንሰለፋለን። ፍጅሉ ተፍቆ፣ ከሩዝ ዱቄት ጋር በእንፋሎት በስሎ፣ ተቆራርጦ በሰፊ መጥበሻ ይጠበሳል። ዳር ዳሩ ይንኮሻኮሻል፤ ውስጡ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። አንድ የወረቀት ሳህን ለሁለት ገዝተን፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ቆመን እንበላለን።

ከሳምንቱ ውስጥ ስለ በሽታ የማናወራባት ሰዓት እርሷ ብቻ ነበረች።

ታዲያ በፍጅሉ ውስጥ ቀያይ ቁርጥራጮች አሉ።

«ካሮት ነው» ብዬ ፈረድሁ። ማንንም አልጠየቅሁም። ዕድሜውን ሙሉ ሥርዓተ ጾም ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለ ካሮት ማንን ይጠይቃል?

አስካለ ግን ቀያዮቹን በእንጨት ሹካዋ እየለቀመች ወደ ሳህኑ ዳር ትገፋቸው ነበር። አንድ ቀን፣ «የኔታ፣ እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ። ከጾም ሥርዓት ተነሥቼ እስከ አታክልት ጥቅም ድረስ አብራራሁላት።

ዝም አለች። ዳር የገፋችውንም፣ «በረከት አይጣልም» እያልሁ እኔው በላሁት።

ካረፈች ወዲህ በዚያ በኩል አልፌ አላውቅም ነበር። ዛሬ፣ በፍልሰታው ዓርብ፣ ከቅዳሴ ስወጣ ናፍቆቱ አሸነፈኝ። በቅርቡ ለትምህርት የመጣችውን ሰናይትን፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችንን ልጅ፣ «ነይ፣ የጾም ምግብ ላሳይሽ» ብዬ ይዣት ሄድሁ።

ሴትዮዋ ወዲያው አወቀችኝ። ዓይኗ ከጎኔ ሰው ፈለገ፤ ማንን እንደሆነ ገባኝ። ወደ ሰማይ አመለከትሁ።

ማማሰያዋን አስቀመጠች። ያን ሁሉ ወረፋ አቁማ፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ፣ ለእኔ አብዝታ ልትጨምርልኝ አንድ ነገር ይዛ ወጣች።

ቀይ ነው። ረጅም ነው። ሁለት ሁለት ሆኖ በሲባጎ ታስሯል።

ወገኖቼ፣ ካሮት በሲባጎ ተጠፍሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሰናይት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «መሪጌታ፣ ይሄ እኮ ቋሊማ ነው። ፖርክ።» ደግሞም፣ «ይሄንን ነው እንዴ ለሰው ሁሉ ፖስት ያደረጉት?» አለችኝ።

ሴትዮዋ ቋሊማውን ቆራርጣ ከጥብሱ ላይ አበዛችበትና ሳህኑን በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። ሂሳብ አልቀበልም አለች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ በራሷ አገር ወግ እዝን ማምጣቷ ነበር። እዝን ደግሞ አይመለስም።

ጎንበስ ብዬ ተቀበልሁ።

ጥግ ይዘን ቆምን። ሽታው ያው የዓርቡ ሽታ ነው። አልዋሻችሁም፤ አፌ ምራቅ ሞላ፤ ዓይኔም እንባ ሞላ። አልቀመስሁትም። ሰናይት ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችና ፌርማታው ላይ ለተቀመጠ ሰው ሰጠችልኝ። ሰውዬው ቀዩን እየመረጠ ጀመረ።

እቤቴ ገብቼ የንስሐ አባቴን ኮል አደረግሁና ሁሉን ዘርዝሬ ነገርኋቸው።

«መሪጌታ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ለእኔም አምጥተውልኝ ነበር እኮ።»

እንግዲህ ፖስቴን አምናችሁ የበላችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ፤ ለንስሐም ተከተሉኝ፣ መንገዱን አሁን አውቀዋለሁ።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አስካለ ጠርጥራ ነበርን? ጠርጥራ ከነበረስ፣ ዝም ያለችው ክርክሬ ሰልችቷት ነው፣ ወይስ ያቺ ሰዓት እንዳትቀርብን ብላ?

ላይክ የሚያደርግልኝ እንደሆነ ሞልቷል። «የኔታ፣ እርግጠኛ ነህ?» የሚለኝን ሰው ግን ከየት ላምጣ?