«ምን አገባኝ» የሚሉት እትዬ ፅጌረዳ እና ሆዱ ክሬም የሆነው ኬክ

መብራት የሌለበት ሰፈር አለ፤ ቧንቧው ከደረቀ መንፈቅ ያለፈው ሰፈርም አለ። «እኔ ምን አገባኝ» እያለች በሁሉም ጉዳይ የምትገባ ሴት የሌለችበት ሰፈር ግን በጂንካ አልተገኘም፤ በወይጦም በካንጋተንም ቢፈለግ አይገኝም። በወጣቷ በአቢጊያ ሰፈር ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የያዙት ክብርት እትዬ ፅጌረዳ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽራቸው አይችልም።

እትዬ ፅጌረዳ ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ ሲያነብ የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን ያንብብ? ሰውን ራሱን ማንበብ ጀመሩ። ንግግራቸው ሁሌም «እኔ ምን አገባኝ፤ ግን...» ብሎ ይነሳል። ከ«ግን» በኋላ የሚመጣውን ለመስማት አንዳንዱ ወንበር ይስባል፤ አንዳንዱ በጓሮ በር ይወጣል።

የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ገና በከተማው መሃል ሳለ፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ፍየልና ኳስ ተጫዋች ከሣሩ ላይ በሚባረርበት ዘመን፣ እትዬ ፅጌረዳ አብራሪውን አስቁመው «እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ስትወርድ ወደ ግራ አዘንብለህ ነበር» ብለውታል ይባላል። አብራሪውም ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ አሉ።

አንድ እሑድ ደግሞ ፓስተር ዳርጌ በስብከታቸው መሃል ጥቅስ ሲጠሩ፣ ከሦስተኛው ረድፍ አንድ እጅ ወጣ።

«ፓስተር፣ እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ቁጥር አሥራ ሁለት አይደለም። አሥራ አራት ነው።»

ጉባኤው «አሜን» ይበል አይበል ግራ ገባው። ፓስተሩ ገጹን ገለጡ። አሥራ አራት ነበር። የእትዬ ፅጌረዳ ክፋታቸው ይኸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው። ቢሳሳቱማ ሰው ይቅር ይላቸው ነበር።

የአቢጊያ እናት ምህረት ፍየል ልትገዛ ወደ አልዱባ ገበያ የወጣች ቀን «ላጅብሽ» ብለው አብረዋት ሄዱ። ክርክሩ አልቆ ሻጩ ገመዱን ሊለቅ ሲል፣ እትዬ ፅጌረዳ የፍየሉን ጥርስ አዩ፤ ጎኑን ዳበሱ፤ ከዚያ ወደ ሻጩ ዞረው «ወንድሜ፣ እኔ ምን አገባኝ፤ ግን እንዲህ ያለ ፍየል በዚህ ዋጋ አይለቀቅም» አሉት። ሰውየው ገመዱን መልሶ ክንዱ ላይ ጠመጠመው። ምህረት ጂንካ የገባችው ዶሮ ይዛ ነው።

አቢጊያ በእነዚህ ታሪኮች ስትስቅ ነው ያደገችው። ሰው የሚስቀው ተራው እስኪደርሰው ነው።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ከተመለሰች በኋላ ሁለት ዓመት የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብ ቆየች። ሰሌዳው ሲሰለቻት ዱቄት ጀመረች። ለልደት፣ ለምርቃት እየጋገረች ለጎረቤት ትሰጥ ነበር። ልቧ ግን ያረፈው በግቢያቸው ፊት ለፊት፣ መንገዱን በምታየው አንዲት ክፍል ላይ ነበር። ልብስ ሰፊው ከለቀቃት ወዲህ ባዶዋን ተቀምጣለች። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በመስኮቷ ገብታ ወለሉ ላይ እንደ ተዘረጋ ሊጥ ትተኛለች። አቢጊያ ይህን በየቀኑ ታየዋለች፤ በየቀኑም ይገርማታል።

አባቷ አንጁሎ ግን አልገረመውም። ዕድሜውን ሙሉ አይሱዙ ሲነዳ የኖረ፣ ዓይኑ ሲደክም ያቆመ ሰው ነው።

«አራት ዓመት የተማርሽው ዱቄት ልታቦኪ ነው?»

«ኬክ ቤት ላድርጋት፤ ክፍሏን ብቻ ስጠኝ አባዬ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

«ኦሞ ወንዝ ማዶ ካንጋተን ያለው ወዳጄ ቢሮ ውስጥ ቦታ አግኝቶልሻል። ሰኞ መኪና አለ።» ፊቷን አየና ትንሽ ላላ። «እሺ፣ ስሚኝ። ዓይኔ ስለዳነልኝ ቅዳሜ የምስጋና ፕሮግራም አለን አይደል? ያን ዕለት ጋግሪ። እኔ ቁራሼን ከጨረስኩት ክፍሏ ያንቺ ናት። ካልጨረስኩት ሰኞ ካንጋተን ትሄጃለሽ።»

ምን እንደምትጋግር ለማሰብ ደቂቃም አልፈጀባትም። ልጅ ሳለች አባቷ ከአዲስ አበባ ሲመለስ በላስቲክ የታሸገች፣ እጅ የምታክል ቢጫ ኬክ ያመጣላቸው ነበር። በሆዷ ነጭ ክሬም አለ። የወይጦ ሙቀት መንገድ ላይ ስለሚያቀልጠው ክሬሙ እየሸሸ ላስቲኩ ላይ ተለጥፎ ይደርሳል፤ አቢጊያና ወንድሟ ማቲ ላስቲኩን እየተሻሙ ይልሱታል። ከውጭ ምንም የማይታይባት ነገር በውስጧ ደመና ይዛ ያን ሁሉ መንገድ መምጣቷ እስከ ዛሬ ለአቢጊያ ተአምር ነው። ያችኑ ኬክ አተልቃ፣ ክብ አድርጋ፣ ለሠላሳ ሰው ልትጋግራት ቆረጠች።

ችግሩ ከሰሉ ነው። ትልቅ ኬክ ከሰል ላይ ሲጋገር ዳሩ ያራል፤ መሃሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። መሃሉ ክፍት የሆነ ዕቃ ቢገኝ ግን እሳቱ በዚያ በኩል ይወጣል። ገበያ ወርዳ ለቆርቆሮ ሠሪው ለሙሴ ነገረችው።

«መሃሉ ላይ ቀዳዳ?» አላት መዶሻውን አስቀምጦ።

«አዎ። ከታች እስከ ላይ፣ እንደ ጭስ ማውጫ።»

«እህቴ፣ እኔ ሃያ ዓመት ቀዳዳ ስደፍን ነው የኖርኩት። ሆን ብዬ ቀዳዳ ሠርቼ ብሸጥ ነገ ማን ዕቃውን ያምነኛል?»

በመጨረሻ ሠራላት፤ ማን እንደሠራው ግን ለሰው እንዳትናገር ቃል አስገባት።

ቅዳሜ ጠዋት መብራት ጠፋ። አቢጊያ አልደነገጠችም። ከሰሏን አቀጣጠለች፤ ትልቁ ድስት ውስጥ ከታች አሸዋ አነጠፈች፤ ዕንቁላሉን በእጇ መምታት ጀመረች። ዕንቁላሉ አረፋ ሆኖ ሲነሣ በሩ ተንኳኳ።

«ጌታ ይባርክሽ ልጄ። ወንፊት ልዋስ ብዬ ነው» አሉ እትዬ ፅጌረዳ።

«እጅዎ ላይ ያለውስ፣ እትዬ?»

«ይሄማ የኔ ነው» ብለው በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

ከዚያ ጀመረ። «እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ከሰሉ በዝቷል።» ሳትመልስ ሁለት ፍም በመቆንጠጫ አወጡ። «እኔ ምን አገባኝ፤ ግን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ አትምቺው፤ ዕንቁላሉ ግራ ይገባዋል።» የሙሴን ዕቃ ሲያዩ ደግሞ አንገታቸውን አዘነበሉ። «እኔ ምን አገባኝ፤ ግን መሃሉን ቀድማ በላችው ይሉሻል።»

ኬኩ ድስት ውስጥ ገባ፤ ክዳኑም ላይ ፍም ተደረገ። እትዬ ፅጌረዳ እጃቸው ወደ ክዳኑ ሄደ።

«አንዴ ብቻ ልየው?»

«አይከፈትም እትዬ። ከተከፈተ ይወርዳል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሦስት ኬክ ቀብሬ ነው የተማርኩት።»

ሲደርስ ገለበጠችው። ዕቃው እሺ ብሎ ተላቀቀ፤ ኬኩ ወርቅማ አክሊል መስሎ ትሪው ላይ ተቀመጠ፤ በመሃሉ ክፍት እንፋሎት ቀጥ ብሎ ወጣ። እትዬ ፅጌረዳ እንከን ፍለጋ ትሪውን ሁለቴ ዞሩት። አቢጊያ ኬኩ ሲበርድ በታች በኩል ዙሪያውን በማንኪያ ቦረቦረችው። ክሬሙ እዚያ ገብቶ ተቦርቡሮ በወጣው ኬክ ይከደናል። ወተት በጥቂት ዱቄት አብስላ አቀዘቀዘች፤ በስኳርና በገበታ ቅቤ እስኪነጣ መታችው፤ ሳህን ደፋችበትና ከቤተ ክርስቲያን ሳህንና ወንበር ልትዋስ ወጣች። የቆየችው ግማሽ ሰዓት ነው።

ስትመለስ ከዓይኗ በፊት አፍንጫዋ አወቀ። ኮረሪማ! ክሬሙ ቢጫ ሆኗል።

«እትዬ፣ ምን አደረጉበት?»

«እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ቅቤሽ አነሰብኝ። ከቤቴ ንጥር ቅቤ አምጥቼ ጨመርኩልሽ። ኮረሪማው ከአሪ አገር ነው፤ ምርጥ።»

«የዶሮ ወጥ ቅቤ እኮ ነው!»

«ለዶሮ የሆነ ለኬክ ያንሳል?»

አቢጊያ ክሬሙን አየች፤ ሰኞን አየች፤ የካንጋተንን መንገድ አየች። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ በሆዱ ይዞት የኖረው ቃል ከአፏ ወጣ።

«ምን አገባዎት!»

በቁጣዋ መሃል እንኳ አንቱታውን አልጣለችም፤ ቃሉ ግን ወጣ። እትዬ ፅጌረዳ ማንኪያውን አጠቡ፤ ወደ ቦታው መለሱ፤ ወንፊታቸውን ያዙ። ከበሩ ሲደርሱ ጠርዙ የታጠፈውን የጫማ መጥረጊያ አዩት፤ ሳያቃኑት አለፉ።

ሌላ ቅቤ ለመፈለግ ሱቅ ለሱቅ ዞራ ባዶ እጇን ተመለሰች። ሰዓቱ ደርሷል። ቢጫውን ክሬም ሞላችው፤ ከደነችው።

ተዘመረ፤ ተጸለየ፤ የአንጁሎ ዓይን ስለዳነ ምስጋና ቀረበ። የመጀመሪያው ቁራሽ ለአንጁሎ ተሰጠ። ሰው ሁሉ አንድ አንድ ጎረሰና ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ይመስል በዝግታ ማኘክ ጀመረ። የአባቷ ወንድም ልዑል ግን ይሉኝታ አያውቅም።

«ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አለ ጣቱን እየላሰ። «ዶሮውስ መቼ ነው የሚመጣው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቢጊያ ትሪውን እንደያዘች ቀረች። አንጁሎ አልሳቀም። ሳህኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«አቢጊያ፣ ልጄ፣ ሰኞ...»

«አንጁሎ፣ ቆይ።»

ድምፁ ከደጃፉ ነው። እትዬ ፅጌረዳ ነጠላቸውን አጥብቀው ይዘው ቆመዋል፤ ገብተው አልተቀመጡም።

«ክሬሙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ልጅቷ ነጭ አድርጋ ነበር የመታችው። በሌለችበት ንጥር ቅቤ ጨመርኩበት። ተሳስቻለሁ።»

ሳቁ ተቆረጠ። እትዬ ፅጌረዳ ተሳስቻለሁ ሲሉ የሰማ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ምህረት አፏን በእጇ ያዘች። ፓስተር ዳርጌ ትክክል ሰምተው እንደሆነ ጎረቤታቸውን ጠየቁ። እትዬ ፅጌረዳ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ይፈትሉ ነበር። ያንን ያየችው አቢጊያ ብቻ ናት፤ ከዚያ በኋላ ቁጣዋን ብትፈልገው አጣችው።

«ክሬሙን ጥረገውና ኬኩን ብላ» ብለው አዘዙት ለአንጁሎ። «ሰው በሌላ ሰው ጥፋት ካንጋተን አይላክም።»

አንጁሎ ታዘዘ። ክሬሙን በቢላ ጠርጎ ኬኩን ጎረሰ። ደገመ። ሦስተኛው ላይ ማኘኩን አቆመና ልጁን አያት።

«ይቺ... ያቺ የላስቲኳ ናት?»

አቢጊያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አንጁሎ ቁራሹን ጨረሰ፤ ፍርፋሪውን በጣቱ ለቀመ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ምህረት፣ ልብስ ሰፊው የክፍሏን ቁልፍ የት ነው የተወው?»

የተጠረገውን ክሬም ልዑል በዳቦ ጨረሰው። እትዬ ፅጌረዳን ለማመስገን ዘወር ሲሉ ደጃፉ ባዶ ነበር።

ክፍሏ ተከፈተች። ሰው መጣ፤ በላ፤ «ይጣፍጣል፣ ተባረኪ» ብሎ ሄደ። እትዬ ፅጌረዳ ግን በየቀኑ በደጇ የሚያልፉት ማዶ ማዶውን እያዩ፣ አፋቸውን ገጥመው፣ እርምጃቸውን አፍጥነው ነበር። አንድ ሳምንት እንዲህ አለፈ፤ ሦስትም ሆነ። አቢጊያ በመጀመሪያ እፎይ አለች። ቀጥሎ ዝምታው ጆሮዋን ያሳክካት ጀመር። ሳህን ስታነሣ ግማሽ ቁራሽ ተርፎ ታገኛለች፤ የተወውን ሰው ስትጠይቅ «ይጣፍጣል፣ ተባረኪ» ይላታል። በምስጋና ተከብባ አንድ እውነት አጣች።

ማክሰኞ፣ የገበያ ቀን፣ በቁራሽ የሞላ ሳህን ይዛ መንገዱ መሃል ወጥታ ቆመችባቸው።

«እትዬ፣ ይቅመሱልኝ።»

«ተይኝ ልጄ። ጥርሴን ያመኛል።»

«ሰው ሁሉ ይጣፍጣል ይለኛል፤ ግማሹን ግን ትቶት ይሄዳል። እርስዎ ካልነገሩኝ ማን ይነግረኛል?»

አንድ ባጃጅ ከኋላ ጡሩምባውን ነፋ። እትዬ ፅጌረዳ ባጃጁን በእጃቸው አስቆሙና ቁራሹን ተቀበሉ። ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባጃጁም ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ።

«ጨው» አሉ።

አቢጊያ ሮጣ ገባች፤ በክሬሙ ላይ ቁንጥር ጨው ጣለች፤ መታችው፤ ቀመሰችው። ግድግዳውን ተደግፋ ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ከክፍሏ ውስጥ ደህና የሚባለውን ወንበር አንስታ ለእርሳቸው ከመጋገሪያው አጠገብ አደረገችው፤ ከክሬሙ ጎድጓዳ ሳህን ግን በሁለት ክንድ አራቀችው።