ጎመን መሀል የቆመች ጀልባ

ሰው ሁሉ ማረፊያ አለው። አንዱ ዛፍ ጥላ ሥር ካርታ ይጫወታል፣ አንዱ ፀሐይ እየሞቀ የጎረቤቱን ወሬ ይሰልቃል፣ አንዱ ደግሞ ጡረታ በወጣ ማግስት ጋቢውን ደርቦ የዕድር ዳኛ ይሆናል። እኔን እግዜር ሲፈጥረኝ ማረፊያዬን ረስቶታል መሰለኝ፣ ትንሽ ቁጭ ካልኩ ሰውነቴን ያሳክከኛል። ይህን በሽታ የማታውቁት ካላችሁ ሚስቴን ጥሩዓለምን ጠይቁ፣ እስክትሰለቹ ትነግራችኋለች።

በሽታው መነሻ አለው። ባሕር ዳር ተማሪ ሳለሁ ጣና ዳር ቆሜ፣ አንዲት ጎኗ ላይ ሰማያዊ ቀበቶ የተቀባላት ነጭ የሞተር ጀልባ ሽርሽረኞች ጭና ስትበር አየሁ። እጄን አወዛወዝኩላቸው። አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየኝ። አንድ ቀን እዚያች ጀልባ ላይ ተቀምጬ፣ ዳር ለቆመው ሁሉ እጄን ባላወዛውዝ ምን አለ በሉኝ ብዬ ማልኩ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ያችኑ ጀልባ እዚያው ባሕር ዳር ከአንድ መጋዘን ጀርባ ዶሮ ሰፍሮባት አገኘኋት። በአይሱዙ ጭኜ ፍኖተ ሰላም አመጣኋትና ጓሮዬ፣ የጥሩዓለም ጎመን መሀል አሳረፍኳት። የምትሉትን አውቃለሁ። ፍኖተ ሰላም ምን ውኃ አላትና ጀልባ? ላህ ወንዝ አለ፣ በበጋ ግን በግ ሆዷን ሳታርስ ትሻገረዋለች። ከተማው ወዲያው ኖኅ አለኝ። ጠዋት ስወጣ "ጋሼ ኖኅ፣ ዛሬስ ይዘንባል?" የማይለኝ የባጃጅ ሹፌር አልነበረም።

እኔ እቴ! የበሰበሰውን ሳንቃ በዋንዛ ተካሁ፣ ስንጥቁን በጥጥና በሬንጅ ደፈንኩ፣ ለሞተሩ ዕቃ ፍለጋ ቡሬ ተመላለስኩ፣ ሽንዲ ድረስ ሄጄ ከወፍጮ ቤት ብሎን ለመንኩ። ሰማያዊ ቀበቶዋንም መለስኩላት። የቀረኝ ወደ ጣና መመለሻው መንገድ ብቻ ነበር። የእኛን መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ ይዘጋል። የአይሱዙው ሹፌር ሲከፈት እደውላለሁ ስላለኝ፣ ስልኬን ጨብጬ ከጓሮ ወደ በር፣ ከበር ወደ ጓሮ እንቆራጠጣለሁ። ጥሩዓለም "ኧረ በማርያም ተቀመጥ፣ መሬቱን ፈጀኸው!" ትለኛለች።

የእንጨት ጀልባ አንድ ጠባይ አላት። ደረቅ ላይ ከሰነበተች ሳንቃዋ ይኮማተርና ሐይቅ ስትገባ ታፈስሳለች። መድኃኒቱ ውኃ ሞልቶ ማቆየት ነው፣ እንጨቱ ጠጥቶ እንዲያብጥ። ከጉድጓዳችን እየቀዳሁ ሞላኋት። መጀመሪያ በየጎኗ ተንዠቀዠቀች፣ የጥሩዓለም ጎመን ተመቸው። ከዚያ አንድ ጠዋት ሥሯ ተንበርክኬ ባያት ጠብ የሚል የለም። ጎመኑ መሀል ብቻዬን እስክስታ መታሁ።

ጥምቀት ደርሶ ነበር። የደብራችን አለቃ መሪጌታ ልሳነወርቅ ከሽማግሌዎች ጋር መጡ። ጤንነቴን ጠየቁ፣ ስለ ብርዱ አወሩ፣ ጎመኑን አደነቁ። የእኛ አገር ሰው ትልቅ ጉዳይ ይዞ ሲመጣ ነው ጎመን የሚያደንቀው፣ ስለዚህ በትዕግሥት ጠበቅኩ።

"የጥምቀተ ባሕሩ ገንዳ ተሰንጥቆ ውኃ አልይዝ አለን" አሉ በመጨረሻ። "የእርስዎ ጀልባ ግን ጠብ አትልም ይላሉ። መቼም ሰው ብዙ ያወራል።"

ልብ በሉ፣ ስጡን አላሉም። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጀልባዬን በቁም ነገር ያነሳልኝ ሰው ማግኘቴ አስክሮኝ፣ "ምን ጠብ ትላለች! አሁኑኑ ውሰዷት!" አልኩ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በያዘው ኖሮ።

ጸበሉ ቤንዚን እንዳይሸት ሞተሩን ከኋላዋ ፈታሁት። የከተራ ዕለት የሰፈሩ ጎረምሶች ተሸክመው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሜዳ ወሰዷት። በጥምቀት ማለዳ ውኃ ተሞልታ ታቦቱ ፊት ተባረከች፣ ኖኅ ሲሉኝ የከረሙት ሁሉ ጸበሏ እንዲደርሳቸው ተጋፉ፣ እልልታው ቀለጠ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። ሹፌሩ ነው። "ጋሼ፣ ተከፍቷል! ዛሬ ካልጫንን መቼ እንደሚከፈት እንጃ!" እየሮጥኩ ሜዳው ደረስኩ። እናቶች የተረፈውን ጸበል በጄሪካን እየቀዱ ጨርሰዋል፣ አንዷ ግንባሯን ሰማያዊው ቀበቶ ላይ አስደግፋ ትጸልያለች።

"መሪጌታ፣ ጀልባዬን ልወስድ ነው።"

"የራስዎ አይደለችም እንዴ? ማን ይከለክልዎታል።" ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣ "ጣና ላይ ሰው ይዝናናባታል፣ ይጠጣባታል፣ ይዘፈንባታል ማለት ነው?"

"እንግዲህ... ሳይሆን አይቀርም።"

"ደግ" አሉ።

ያቺ "ደግ" ገደለችኝ። ቢቆጡኝ እከራከር ነበር። አሁን ግን ያቺን የምትጸልይ እናት አየሁና ለሹፌሩ ደወልኩ። "ጀልባዋ ቀርታለች፣ ሽንኩርትህን ጫን" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ተናድጄ ነበር፤ በመሪጌታ፣ በገንዳው፣ ከሁሉ በላይ በገዛ አፌ።

ጎረምሶቹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሊያስገቧት አነሷት። ሞተሩ ስለወጣ ኋላዋ ቀልሎ አፍንጫዋ ተደፋ። "ኋላ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል!" ብለው ጮኹ። መሪጌታ ዞር ብለው አዩኝ።

"ጫማዎን አውልቀው ይግቡ።"

ሞተሬ በነበረበት ቦታ ተቀመጥኩ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ከታች ያሉት ትከሻዎች ቀስ እያሉ ይንጡኝ ጀመር። ባጃጆች ቆሙልን። ሽንኩርት የጫነው አይሱዙ ጡሩምባውን ነፋልኝ። ዳር ለቆመው ሁሉ፣ ለሚያውቀኝም ለማያውቀኝም፣ እጄን አወዛወዝኩ። እነሱም አወዛወዙልኝ። ጥሩዓለም በራችን ላይ ቆማ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ እየሳቀች፣ በሌላ እጇ ታወዛውዛለች።

ግቢው በር ላይ ቆሙ። "ጋሼ፣ ደርሰናል፣ ይውረዱ" አሉኝ እያለከለኩ።

"የኔ ጌቶች" አልኳቸው፣ ጠርዟን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ "ስለ ጥምቀቱ ብላችሁ፣ አንዴ በአደባባዩ አዙሩኝ።"